ስልኩ የሚኖረው የት ነው? ጋላክሲ ኤስ25 አልትራ ወይስ ፒክስል 10 ፕሮ ኤክስኤል

የወንድሜ ልጅ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰሞኑን ደውሎ የደኅንነት ጥያቄውን በጥድፊያ ጨረሰና ወደ ጉዳዩ ገባ። ‹‹ጋሼ፣ ሁለት ስልክ ልገዛ ነው፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእህቴ። የሳምሰንጉ ይሻላል ወይስ የጉግሉ?›› እህቱ አዲስ አበባ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ሱቅ የላትም። ከሽሮ ሜዳ እየተረከበች፣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ እያነሣች፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ለደንበኞቿ ታቀርባለች። መደርደሪያዋም፣ መስኮቷም፣ የሒሳብ መዝገቧም ያ በእጇ የያዘችው ስልክ ነው።

ልጁ ከእኔ የጠበቀው የአንድ ቃል መልስ ነበር። እኔ ግን ጥያቄውን ለሁለት ከፈልኩት፤ ምክንያቱም እሱ ሜሪላንድ ይዞት የሚዞረው ስልክና እህቱ አዲስ አበባ የምትሠራበት ስልክ ስማቸውና ዋጋቸው አንድ ቢሆን እንኳ ኑሯቸው አንድ አይደለም። በኢንተርኔት የምናነባቸው ንጽጽሮች አብዛኞቹ ይህን አያነሡም። የተጻፉት ስልኩ በይፋ በሚሸጥበት፣ ሲሰበር የሚጠግነው መደብር በቅርብ ባለበት፣ ኢንተርኔት በወር ክፍያ ያለ ስስት በሚገኝበት አገር ለሚኖር ገዢ ነው። ያን ንጽጽር አንብቦ አዲስ አበባ ላለች እህት ስልክ መግዛት፣ የሌላ ሰው የእግር ልክ ይዞ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለቱ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ25 አልትራና የጉግል ፒክስል 10 ፕሮ ኤክስኤል ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 2025፣ ሁለተኛው ኦገስት 20 ቀን 2025 ይፋ ሆኑ። ባለ 256 ጊጋባይቱ ኤስ25 አልትራ በአሜሪካ የወጣበት ዋጋ 1,299 ዶላር ሲሆን፣ ያንኑ ያህል ማከማቻ ያለው ፒክስል ደግሞ 1,199 ዶላር ነው። የሳምሰንጉ ስክሪን 6.9 ኢንች፣ የጉግሉ 6.8 ኢንች ነው። ባትሪያቸው 5,000 እና 5,200 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል። ክብደታቸው 218 እና 232 ግራም ነው። በወረቀት ላይ ሲታዩ እንደ መንታ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ነገር ወረቀቱ ላይ የለም።

ዋጋውን በብር ማሰብ የሚገባውም አሁን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሒሳብ ኤስ25 አልትራ 74 ሺሕ ብር አካባቢ ይሆን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፤ ያው ስልክ 100 ብር በሆነ ዶላር ብቻ ሲሰላ 130 ሺሕ ብር ገደማ ነው። ቀረጥ፣ የነጋዴ ትርፍ፣ የመንገድ ወጪ አልተጨመረበትም። ሜሪላንድ ላለ ሠራተኛ ይህ ስልክ የጥቂት ቀናት ደመወዝ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላለ መምህር ግን የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ መሳሳት ቀላል ጉዳት አይደለም።

ከአንድ ማዕድ የሚቆርሱ ተፎካካሪዎች

የሁለቱን ስልኮች ነገር ሲያነሡ እንደ ጊዮርጊስና እንደ ቡና ደጋፊ ጎራ ለይተው የሚከራከሩ ወጣቶች አውቃለሁ። ክርክሩ ሲሞቅ የሚረሳ ነገር አለ። የሳምሰንግ ስልክ የሚሠራበት አንድሮይድ የጉግል ነው። ጉግልም ፒክስል የሚል ስም ሳይኖረው በፊት ኔክሰስ ኤስና ጋላክሲ ኔክሰስ የተባሉትን ስልኮቹን ያሠራው በሳምሰንግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ቴንሰር ብሎ የሰየመውን የራሱን ቺፕ ይዞ ብቅ ሲል፣ ያን ቺፕና ተከታዮቹን እስከ ቴንሰር ጂ4 ድረስ ያመረተለት የሳምሰንግ ፋብሪካ ነው። ምርቱ ወደ ታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ የዞረው በፒክስል 10 ላይ ባለው ቴንሰር ጂ5 ነው። በኤስ25 አልትራ ጎን ያለውን ቁልፍ ተጭነው ሲቆዩ የሚቀሰቀሰው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ደግሞ ጄሚናይ ነው፤ እሱም የጉግል ነው።

ስለዚህ ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚጠቅሙት ነገሮች አብዛኞቹ በሁለቱም ላይ አሉ። የጉግል የጽሑፍ ሰሌዳ (ኪቦርድ) በሁለቱም ላይ ይጫናል፤ በግዕዝ ፊደል ያጽፋል። ጉግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ያስገባው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ነው፤ በድምፅ ተናግሮ አማርኛ መጻፍ የተቻለው በኦገስት 2017። ሁለቱም በየትኛውም አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራሉ። ‹‹የጉግል ስልክ ስለሆነ አማርኛ ላይ ይበልጣል›› የሚለው ሐሳብ ምክንያታዊ ይመስላል እንጂ በዚህ ጉዳይ ውኃ አያነሣም።

በጉልበት ረገድ ግን እኩል አይደሉም። ኤስ25 አልትራ ውስጥ ያለው የኳልኮም ስናፕድራጎን 8 ኤሊት ቺፕ ጊክቤንች 6 በሚባለው የፍጥነት መለኪያ፣ የቺፑ ማዕከሎች ሁሉ በአንድነት ሲሠሩ፣ ከ9,000 በላይ ነጥብ ያስመዘግባል። ቴንሰር ጂ5 ከ6,000 ብዙም አይርቅም። በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ይህ ልዩነት አይታወቅም። ቴሌግራም ለመክፈት፣ ደውሎ ለማውራት፣ ዜና ለማንበብ ሁለቱም ይተርፋሉ። የሚታወቀው ረጅም ቪዲዮ ስልኩ ላይ ሲቆረጥና ሲቀጠል፣ ከባድ ጨዋታ ሲጫወቱ፣ እንዲሁም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የመጨረሻውን ነጥብ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሲም ካርዱ የት ይገባል?

ልጁን በጣም ያስገረመው ይህ ነበር። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው ፒክስል 10 ፕሮ ኤክስኤል የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም። ጎኑን ቢያገላብጡት ቀዳዳ አያገኙም። የሚሠራው በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በተተከለና በሶፍትዌር በሚከፈት ሲም ብቻ ነው። በሌሎች አገሮች የሚሸጠው ያው ፒክስል አንድ ሲም ካርድ ይቀበላል፤ ኢሲምም አለው። የአሜሪካው ኤስ25 አልትራ አንድ ሲም ካርድና ኢሲም ሲኖረው፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በብዙ ሌሎች አገሮች የሚሸጠው ደግሞ ሁለት ሲም ካርድ ጎን ለጎን ይይዛል።

አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ ይህ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ሁለት መስመር መያዝ የተለመደ ሆኗል። አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ቴሌብር ያለበት፣ ደንበኛው ሁሉ የሚያውቀው የቆየ ቁጥር። ሌላው የሳፋሪኮም ነው፤ ብዙ ጊዜ ለኢንተርኔት። የልጁ እህት ሁለቱም አላት። ሲም ካርዷን ከአንዱ ቀፎ አውጥታ ሌላው ውስጥ ትከታለች፤ ስልኳ ባትሪ ሲጨርስ ለጊዜው የጓደኛዋ ቀፎ ላይ ታስገባዋለች። ኢሲም ብቻ የሚቀበል ስልክ ይህን ነፃነት ይነሣታል። ቀፎው በተቀየረ ቁጥር እንደገና ማስመዝገብ ይኖርባታል።

ሌላም አለ። አሜሪካ ውስጥ ከስልክ ኩባንያ በወርኃዊ ክፍያ የሚወሰድ ቀፎ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ኩባንያ መስመር ላይ ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከዓመታት በፊት ከውጭ የመጣ፣ ላስቲኩ ያልተላጠ ስልክ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። ሲም ካርዴን ሳስገባ ስክሪኑ ላይ የመክፈቻ ቁጥር የሚጠይቅ ጽሑፍ መጣ። ሻጩ ‹‹ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ስጠኝ›› አለኝ። ሁለት ቀኑ ሁለት ወር ሆነ፤ ስልኩም ፎቶ ማንሻ ሆኖ ቀረ። ለዚህ ነው ለልጁ ‹‹በቅናሽ መጣልኝ ብለህ በወርኃዊ ክፍያ የተያዘ ቀፎ እንዳትልክላት፤ ሙሉ ዋጋ ተከፍሎበት ከመጀመሪያውም ያልተቆለፈ ይሁን›› ያልኩት።

የኔትወርኩም ጉዳይ አለ። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን አዲስ አበባ ላይ በቅድመ ገበያ ሙከራ ያስጀመረው ግንቦት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ስልኩ 5ጂ የሚችል መሆኑ ግን ብቻውን አይበቃም። ስልክ ሠሪው ለዚያ አገርና ለዚያ ኩባንያ መስመር በሶፍትዌር መፍቀድ አለበት። ጉግል ፒክስልን በይፋ የሚሸጥባቸው አገሮች በቁጥር የተወሰኑ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ከእነሱ መካከል አይደለችም። በእንዲህ ያሉ አገሮች የፒክስል ባለቤቶች 5ጂውና በ4ጂ መስመር የሚደረገው ጥርት ያለ የድምፅ ጥሪ ተዘግቶባቸው እንደሚያገኙት ለዓመታት ሲያማርሩ ቆይተዋል። ከ130 ሺሕ ብር በላይ የወጣበት ስልክ ሲደወል ወደ ቀድሞው ኔትወርክ ሲወርድ ማየት ያንገበግባል። ሳምሰንግ በአፍሪካ ገበያ ለብዙ ዓመታት የቆየ ሻጭ በመሆኑ በዚህ በኩል የሚያስቸግርበት አጋጣሚ ያነሰ ነው።

የቆዳ ቀለምና የጥበብ ቀለም

እስካሁን ፒክስልን ዝቅ ያደረግኩ ይመስላል። ካሜራው ላይ ስንደርስ ግን ሚዛኑ ይዞራል፤ ይህም ለእኛ በተለይ ሊነገር የሚገባው ነው።

የፎቶግራፍ ታሪክ ለጥቁር ቆዳ ደግ አልነበረም። የኮዳክ ፊልም በሚታጠብባቸው ቤቶች ቀለም የሚስተካከለው ‹‹ሸርሊ ካርድ›› በሚባል የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር። የእሷ ፊት ካማረ ሥራው ተሳክቷል ይባላል። በዚያ ልክ የተሠራ ፊልም የጠይሙን ፊት ያጠቁረዋል፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ ያስቀራል። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣም ልማዱ አብሮ መጣ፤ ማሽኑ እንዲማርባቸው የተሰጡት ፎቶግራፎች በአብዛኛው የነጮች ነበሩና። የድሮ የሠርግ አልበማችንን የገለጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሙሽራዋ በነጭ ቀሚሷ ታበራለች፤ ፊቷ ግን የት እንዳለ አይታወቅም።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ከፒክስል 6 ጋር ‹‹ሪል ቶን›› ያለውን ሥራ ሲያስተዋውቅ ይህን ስሕተት ለማረም መነሣቱን በግልጽ ተናገረ። በ2022 ደግሞ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የሶሺዮሎጂ ምሁር ኤሊስ መንክ ያዘጋጁትን 10 ደረጃ ያለው የቆዳ ቀለም መለኪያ ተቀብሎ መጠቀም ጀመረ። ውጤቱ በፒክስል በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ይታያል። ጠይሙ ጠይም፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀይ ዳማውም ቀይ ዳማ ሆኖ ይቀራል። ማታ በደካማ መብራት ዙሪያውን የተሰበሰበ ቤተሰብ፣ አያት ከልጅ ልጅ ጋር፣ እያንዳንዱ በገዛ መልኩ ይወጣል። ሳምሰንግ በዚህ በኩል ባለፉት ዓመታት ብዙ ተሻሽሏል። ቢሆንም ቀለምን ማድመቅና ፊትን ማፍካት እንደሚወድ ገምጋሚዎች ደጋግመው የሚያነሡት ነገር ነው። የፎቶግራፉ ዋና ዓላማ ሰው ከሆነ፣ ልጆቹንና ወላጆቹን እንደ መልካቸው ማየት ለሚፈልግ ሰው፣ እኔ ያለ ማመንታት ፒክስልን እመርጣለሁ።

የልጁ እህት ግን ከሰው ይበልጥ የምታነሣው ልብስ ነው። ልብስ ሌላ ፈተና አለው። ነጭ ሸማ በፀሐይ ሲነሣ ፈትሉ ይጠፋና ወረቀት ይመስላል። የጥበቡ ወርቃማ ክር በአንዱ ስልክ ቢጫ፣ በሌላው ቡና ዓይነት ይሆናል። ደንበኛዋ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሆና ገንዘቧን ልካ የተቀበለችው ቀሚስ ከፎቶግራፉ ጋር ካልተመሳሰለ ጠቡ የሻጯ ነው። ኤስ25 አልትራ ከኋላው አራት ካሜራ አለው፤ ዋናው ባለ 200 ሜጋፒክስል ነው። ሦስት እጥፍና አምስት እጥፍ የሚያቀርቡ ሁለት ሌንሶችም አሉት። ፒክስል የሚያቀርብበት አንድ ሌንስ፣ ባለ አምስት እጥፉ ብቻ ነው ያለው። የአንገቱን ጥልፍ፣ የመቀነቱን ጠርዝ፣ የመስቀሉን ንድፍ ከሁለት ሜትር ርቀት ለማሳየት ያ ሦስት እጥፍ ሌንስ የሚመችበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቪዲዮ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ኤስ25 አልትራ እጅግ ጥርት ያለውን ባለ 8ኬ ቪዲዮ ራሱ ስልኩ ላይ ይቀርጻል። ፒክስልም 8ኬ ይሰጣል፤ ነገር ግን ‹‹ቪዲዮ ቡስት›› በሚባለው መንገድ፣ የተቀረጸው ፋይል ወደ ጉግል ኮምፒውተሮች ተልኮ፣ እዚያ ተሠርቶ፣ ከዚያ ተመልሶ በመምጣት ነው። ምሽት ላይ የሚነሡ ቪዲዮዎችን የሚያጠራውም ይኸው አገልግሎት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ቤቱ ባለው ፈጣን ኢንተርኔት ይህ ምንም አይደለም፤ ስልኩን ትራስጌ አስቀምጦ ይተኛል፣ ሲነጋ ተሠርቶ ያገኘዋል። አዲስ አበባ በሞባይል ጥቅል የምትሠራ ሴት ግን አንድ ትልቅ ቪዲዮ ለመላክ የሳምንት ጥቅሏን ልትጨርስ ትችላለች። መብራትና ኔትወርክ ከተቋረጡ ደግሞ ቪዲዮው መንገድ ላይ ይቀራል። ማስታወቂያው ላይ ከታዩት ጥሩ ነገሮች አንዱ ለእሷ የለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። ፒክስል 10 ፕሮ እስከ 100 እጥፍ ድረስ ሲያቀርብ፣ ሌንሱ ያላየውን ዝርዝር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገምቶ እንዲሞላ ያደርጋል። ጉግል ይህ በሰዎች ላይ እንዳይሠራ አድርጌዋለሁ ብሏል፤ ጥሩ አድርጓል። በጥልፍ ላይ ግን ማን ይከለክለዋል? ሳምሰንግም ከዚህ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 አንድ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ በሳምሰንግ ስልክ ቢያነሣው፣ ስልኩ ምስሉ ውስጥ ያልነበሩ የጨረቃ ጠባሳዎችን ጨምሮ አወጣው፤ ትልቅ ክርክርም ተነሣ። ሸማኔው በክር የሠራውን ንድፍ ማሽን በግምት ከሳለው ፎቶግራፉ ማስረጃ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ለእህቱ የምመክራት፣ የትኛውንም ስልክ ብትይዝ፣ ከአሥር እጥፍ በላይ አቅርባ እንዳታነሣና በእግሯ ተራምዳ እንድትጠጋ ነው።

አማርኛ የማይሰማው አስተርጓሚ

ሁለቱም ኩባንያዎች የስልኮቻቸውን ዋጋ የሚያስረዱት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው የስልክ ጥሪን እዚያው መተርጎም ነው። አንዱ በእንግሊዝኛ ሲናገር ሌላው በራሱ ቋንቋ ይሰማል። ሳምሰንግ ይህን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ከኤስ24 ጋር ሲጀምር 13 ቋንቋዎች ነበሩት፤ በኋላ ወደ 20 አደጉ። ዐረብኛ፣ ቱርክኛ፣ ስዊድንኛ ተጨመሩ። ፒክስል 10 ደግሞ ከዚያ አልፎ የተተረጎመውን ንግግር የተናጋሪውን ድምፅ በሚመስል ድምፅ ያሰማል። ሲወጣ ከያዛቸው ቋንቋዎች መካከል ሂንዲ፣ ጃፓንኛና ራሽያኛ ይገኛሉ። ከሁለቱም ዝርዝር አማርኛ የለም። ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ሶማልኛም የሉም።

ይህን ስጽፍ ቤሩትና ሪያድ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ትዝ ይሉኛል። አሠሪዋ በዐረብኛ የምትለውን በአማርኛ፣ እሷ በአማርኛ የምትመልሰውን በዐረብኛ የሚያደርስ ስልክ ስንት በደል ባስቀረ ነበር! ቴክኖሎጂው አለ፤ ዐረብኛውም ገብቷል። የጎደለው የእኛ ወገን ብቻ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ለዚህ አገልግሎት ብሎ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚከፍል አማርኛ ተናጋሪ ለሌላው ድግስ እየከፈለ ነው። በጽሑፍና በድምፅ ለመተርጎም በማንኛውም ርካሽ አንድሮይድ ላይ ያለው የጉግል ትርጉም ነፃ ነው፤ ለአማርኛ ከእሱ የሚበልጥ ነገር እነዚህ ውድ ስልኮች አላመጡም። የስልኩን ዋጋ ስታስቡ ይህን ክፍል ከሒሳቡ አውጡት።

ሰባት ዓመት

ሁለቱ ኩባንያዎች ከሰጧቸው ነገሮች ሁሉ ለእኛ አገር ሰው ትልቁ፣ ብዙም የማይወራለት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ከፒክስል 8 ጀምሮ ስልኮቹ ለሰባት ዓመት አዲስ የአንድሮይድ ስሪትና የደኅንነት ጥገና እንደሚያገኙ ቃል ገባ። ሳምሰንግ በሦስት ወር ውስጥ ተከተለው። ሁለቱም ስልኮቻችን እስከ እ.ኤ.አ. 2032 ድረስ ይታደሳሉ ማለት ነው። አሜሪካዊው ስልኩን በሁለትና በሦስት ዓመት ስለሚቀይር ለእሱ ይህ ተጨማሪ ምቾት ነው። እኛ ዘንድ ስልክ ይወረሳል። ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ እህት፣ ከእሷ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ክፍለ ሀገር ዘመድ ይሄዳል። በመጨረሻ የደረሰው ሰው ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ የሚጭነው በዚያው ስልክ ላይ ነው። ጥገና ያቆመ ስልክ ላይ ገንዘብ ማንቀሳቀስ በሩ ሳይቆለፍ እንደ ማደር ነው።

ሰባት ዓመት ለመቆየት ግን ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ሶፍትዌር፣ ጉልበትና ባትሪ። ሶፍትዌሩ እኩል ነው። ጉልበቱን ቀደም ብዬ አነሣሁት፤ ዛሬ የማይታወቀው ልዩነት አንድሮይድ እየከበደ ሲሄድ በአምስተኛው ዓመት ይታወቃል፤ እዚህ ላይ ሳምሰንጉ የሚያርፍበት ትርፍ አለው። ባትሪው ደግሞ በፒክስል በኩል ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጉግል በአዲሶቹ ፒክስሎች ላይ ባትሪው 200 ጊዜ ያህል ተሞልቶ ካለቀ በኋላ የሚቀበለውን የኤሌክትሪክ ኃይል ቀስ በቀስ የሚቀንስ ሥርዓት ዘርግቷል፤ ባለቤቱ ሊያጠፋው አይችልም። ምክንያቱ ይገባኛል። ቀደም ባለው ፒክስል 6ኤ ላይ ባትሪ ከመጠን በላይ የመጋል አደጋ ታይቶ በ2025 የግዴታ ማሻሻያ ተልኳል። ሳምሰንግም እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7 እየተቀጣጠለበት ምርቱን ሙሉ በሙሉ አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ባትሪን የሚፈራው በምክንያት ነው። ነገር ግን በቀን አንዴ ስልኩን ለሚሞላ ሰው 200 ማለት ሰባት ወር አይሞላም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ባትሪው እያነሰ እንደሚሄድ ከወዲሁ ሊያውቅ ይገባል።

ሲሰበርስ? እዚህ ላይ ክርክር የለም። ሳምሰንግ መርካቶም ቦሌም የሚያውቀው ስልክ ነው። ስክሪኑ ውድ ነው፣ በጣም ውድ፤ ግን ይገኛል፤ እጁን ያፍታታበት ጠጋኝም አለ። የፒክስል ባለቤት ስክሪኑ ሲሰነጠቅ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ መንገደኛ ይጠብቃል። ለአንድ ነጋዴ ሦስት ሳምንት ያለ ስልክ መቀመጥ ሦስት ሳምንት ሱቅ መዝጋት ነው። የ100 ዶላሩ የዋጋ ልዩነት በአንድ ስንጥቅ ይበላል።

ለልጁ የነገርኩት እንዲህ ነው። ለራስህ ፒክስሉን ውሰድ። ልጅህ ገና አንድ ዓመቷ ነው፤ የምታነሣው እሷን ነው፤ መልኳን የሚያከብር ካሜራ ይሻልሃል፤ ኢሲሙም፣ ጥገናውም፣ ፈጣን ኢንተርኔቱም እዚያው አለልህ። ለእህትህ ሳምሰንጉን፤ ግን ከአሜሪካ አይደለም። ዱባይ ያለችው የአክስትህ ልጅ ሁለት ሲም ካርድ የሚቀበለውን እዚያው ትግዛላት። ገንዘቡ ከበዛብህ የ2024ቱን ኤስ24 አልትራ ፈልግ፤ እስከ 2031 ይታደሳል፣ ካሜራውም ለእሷ ሥራ አያንስም። ሱቅ ውስጥ ሳለች ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል (*#06#) ብላ የሚወጣውን የቀፎ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ታስተያይ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዱባይ ያለችው ልጅ ራሷ ደወለች። ስልኩ ተገዝቷል፣ ሁለት ማስገቢያ አለው፣ ቁጥሩም ገጥሟል። ‹‹ግን ጋሼ፣ ካርቶኑ ውስጥ ገመድ ብቻ ነው ያለው፤ ቻርጀሩን ረሱት መሰለኝ›› አለችኝ። አልረሱትም። ሳምሰንግም ጉግልም ቻርጀር ካርቶን ውስጥ መክተት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ባለ 45 ዋቱን ከዚያው ከኩባንያው መደብር እንድትገዛ ነገርኳት፤ አዲስ አበባ ላይ ትክክለኛውን ከአስመስሎው መለየት ያስቸግራልና።